ስለ ጠላት ዕርቅ የለመነች እናት፤ የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ሕይወትና ትምህርቱ

ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በዶርዜ ደጋ ምእመናን ለተዝካርም ሆነ ለሰንበቴ በተሰበሰቡ ጊዜ ለካህናት ደጋግመው የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም እግዚአብሔር መሐሪ ከሆነ ገሃነም ስለ ምን ተዘጋጀ፥ በመጨረሻውስ ፍጥረት ሁሉ አይድንምን የሚል ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ለክርክር ብቻ የሚጠይቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ወንድሙን ወይም ልጁን ያለ ንስሓ በድንገት የቀበረ ነው። ስለዚህ መልስ የሚሰጠው ካህን በሁለት ወገን መጠንቀቅ ይገባዋል። ሁሉ ይድናል ብሎ ቢያቃልለው ሰውን በኃጢአት ያደፋፍራል፤ ተስፋ የለም ብሎ ቢያከብደው ደግሞ ያዘነውን ነፍስ ይሰብራል። እኛም በዚህ ጽሑፍ መልሱን በአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ሕይወት ልናሳይ ወደድን፤ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ በአገራችን በመጽሐፍ ከመጻፉ አስቀድሞ በሕይወት ተጠይቋልና።

ይህች እናት ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናት። የስሟ ትርጓሜ ክርስቶስ ወደዳት፥ ደስ ተሰኘባት ማለት ነው። የተወለደችው በሸዋ በቡልጋ ሲሆን፥ የኖረችበትም ዘመን 15ኛው ምዕት ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል። በክርስቲያን ቤት በመልካም አስተዳደግ አድጋ፥ ሠምረ ጊዮርጊስ ለሚባል ሰው ተዳረች። ልጆችም ወለደች። ቤቷ ሀብት የሞላበት፥ ገረዶችና አሽከሮች የሚያገለግሉበት ቤት ነበር። እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ሕይወቷ በዘመኑ ከነበሩት ከሌሎች እመቤቶች ሕይወት የሚለይ አልነበረም።

የተለየው ነገር የመጣው በቍጣ ነው። ከገረዶቿ አንዲቱ ባስቈጣቻት ጊዜ፥ ክርስቶስ ሠምራ ከምድጃ የእሳት ትንታግ አንሥታ በገረዲቱ አፍ ውስጥ አገባችባት፤ ገረዲቱም ሞተች። ገድሏ ይህን ነገር አይሸፍነውም፤ ቅድስት ትሆን ዘንድ ስላላትም የሠራችውን ግፍ አያሳንሰውም። አንባቢው በዚህ ቦታ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። እመቤት በገረድ ላይ ሥልጣን በነበራት በዚያ ዘመን ነገሩን በልዩ ልዩ ምክንያት ማስተባበል አይቸግርም ነበር። ገረዲቱ ስላስቈጣቻት ነው፥ ሰይጣን ስላሳታት ነው ማለት ይቻል ነበር። እርሷ ግን ምክንያት አልፈለገችም። ራሷን ነፍሰ ገዳይ አድርጋ በእግዚአብሔር ፊት ወደቀች፤ ገረዲቱ ብትነሣላት ዓለሙን ሁሉ ትታ እርሱን ብቻ ልታገለግል ተሳለች። እግዚአብሔርም ልመናዋን ሰማ፤ ገረዲቱ ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክርስቶስ ሠምራ ሕይወት የራሷ አልሆነም፤ ምሕረት የተደረገላት ሰው ሕይወት ሆነ።

ስለቷንም አላዘገየችም። ባሏንና ቤቷን ትታ፥ ገና የሚጠባውን ሕፃን ይዛ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች። ሕፃኑንም ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሚካኤል እንደ ተቀበላት ገድሏ ይናገራል። በደብረ ሊባኖስ ከመነኰሰች በኋላ ወደ ጣና ሐይቅ ተጓዘች፤ በሐይቁ ዳር በጓንጉት ተቀመጠች። በዚያም በባሕሩ ውኃ ውስጥ ቆማ ብዙ ዓመት በጸሎት ተጋደለች። ሥጋዋ በውኃው ብዛት እስኪጐዳ ድረስ ከቆመችበት አልተመለሰችም። የእርሷን አሠረ ፍኖት የተከተሉ መነኮሳይያትም በዙሪያዋ ተሰበሰቡ። ቀድሞ በገረዶች ላይ ታዝዝ የነበረች እመቤት፥ አሁን ለእኅቶቿ አገልጋይና እናት ሆነች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ክርስቶስ ሠምራ በጸሎቷ የራሷን ድኅነት ብቻ የምትፈልግ አልነበረችም። የአዳም ልጆች በኃጢአት ሲወድቁና በሲኦል ሲሠቃዩ ባሰበች ጊዜ ታለቅስ ነበር። ነገሩንም ከሥሩ መረመረችው። ሰውን የሚያስተው ዲያብሎስ ነው፤ እርሱ ከፈጣሪው ጋር ቢታረቅ ግን የሚያስት ስለማይኖር የአዳም ልጆች ያርፋሉ ብላ አሰበች። ስለዚህም ወደ ጌታችን ቀርባ፥ ዲያብሎስን ይምረው ዘንድ ለመነች። ይህን የለመነችው ለዲያብሎስ አዝና ክፋቱን አቃልላ አይደለም፤ የአዳምን ዘር በመውደድ እንጂ።

ጌታችንም ልመናዋን ሰምቶ አልተቈጣትም፤ እንደ ደፋር ቈጥሮም ከፊቱ አላራቃትም። ይልቁንም ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ሄዳ ራሱን ዲያብሎስን እንድትጠይቀው ፈቀደላት። እርሷም ወደ ሲኦል ወረደች፤ ወደ ዕርቅ ይመጣ ዘንድ ጠራችው። ዲያብሎስ ግን ዕርቅ የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ እጅግ ተቈጣ፤ ያን ያህል ዘመን በሰው ልጆች ላይ የሠለጠነ እርሱ እንዴት ተመልሶ ይሰግዳል ብሎ እጇን ይዞ ወደ ጥልቁ ሊጥላት ጐተታት። ቅዱስ ሚካኤልም ደርሶ በሰይፉ ከእጁ አዳናት። በወጣችም ጊዜ ባዶዋን አልወጣችም፤ እልፍ ነፍሳት ከእርሷ ጋር ከሲኦል ወጡ። ለአንዱ ለምና አልተሳካላትም፤ ስለ እነርሱ ስትል የለመነችላቸው ግን ዳኑ።

ይህ ታሪክ በገድሏ የተጻፈ ነው። ገድሏም በብዙ ስፍራ በራሷ አንደበት እንደ ተነገረ ሆኖ ይነበባል። የግእዙን ንባብ ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለ ኢጣሊያዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ስላሳተመው በውጭ አገር ሊቃውንትም ዘንድ የታወቀ ሆኗል።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ሰይጣን ይታረቅ ዘንድ መለመን የተወገዘውን የአርጌንስን ትምህርት መከተል ነው ይላሉ። ነቀፋው በዝምታ የሚታለፍ ስላልሆነ መመርመር ይገባዋል። አርጌንስ በ3ኛው ምዕት ዓመት በእስክንድርያ ያስተማረ ታላቅ ምሁር ነበር። ፍጥረት ሁሉ በመጨረሻው ዘመን ወደ ቀደመ ክብሩ ይመለሳል የሚለው አሳብ ከስሙ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ400 ዓ.ም. ገደማ የአርጌንስን ትምህርት አወገዘ፤ በቍስጥንጥንያም ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ በ543 ዓ.ም. በዐዋጅ አወገዘው። የተወገዘበትም ምክንያት ግልጥ ነው። ሁሉ የግድ ይመለሳል ከተባለ፥ የፍጥረት ነጻ ፈቃድ ከንቱ ይሆናል፤ ንስሓም ትርጓሜ ያጣል፤ የጌታችን የፍርድ ቃልም ማስፈራሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የክርስቶስ ሠምራ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። አርጌንስ የመጨረሻውን ነገር በምርምር ሊወስነው ሞከረ፤ እርሷ ግን በጸሎት ለመነች። የሚወስን ሰውና የሚለምን ሰው አንድ አይደሉም። የሚወስነው በእግዚአብሔር ስፍራ ይቀመጣል፤ የሚለምነው ግን ፈቃዱን ለእግዚአብሔር ይተዋል። ደግሞም የጠላትን ጥፋት አለመውደድ በአባቶች ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት የአንዱ ደራሲ የሆነው ማር ይስሐቅ፥ በ7ኛው ምዕት ዓመት የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው፥ የሚራራ ልብ ስለ ፍጥረት ሁሉ፥ ስለ አጋንንት እንኳ ሳይቀር፥ እንደሚነድና እንደሚያለቅስ አስተምሯል። ቤተ ክርስቲያን ግን ስለ ሰይጣን በቅዳሴዋ አትጸልይም፤ ክርስቶስ ሠምራም ይህን ለሌሎች ሥርዐት አድርጋ አልተወችም። ልመናዋ አንድ ጊዜ ቀረበ፤ መልሱም ለሁላችን ትምህርት ሆነ።

መልሱ ምን ነበር? ዕርቁን እንቢ ያለው ጌታ አይደለም፤ እንቢ ያለው ዲያብሎስ ነው። ታሪኩ በሙሉ የተጻፈው ይህን ያስረዳ ዘንድ ይመስለናል። ገሃነም የእግዚአብሔር ምሕረት ከማለቁ የተነሣ የተዘጋጀ ስፍራ አይደለም። ምሕረት እስከ ጥልቁ ድረስ ወርዶ ሲጠራ እጁን ይዞ ሊያሰጥም የሚፈልግ ፈቃድ አለ፤ ፍርዱም በዚያ ፈቃድ ላይ ነው። በቅዱሳት መጻሕፍት ዲያብሎስ ከጥንት ጀምሮ ነፍሰ ገዳይ ተብሏል። ክርስቶስ ሠምራም አንድ ጊዜ ነፍስ ገድላ ነበር። ሁለቱ በሲኦል ፊት ለፊት በተገናኙ ጊዜ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ እርሷ በድያለሁ ብላለች፥ እርሱ አላለም። ይህን ቃል ያወቀች ስለሆነች ለእርሱም እንዲሆንለት ፈለገች፤ እርሱ ግን ቃሉን ጠላው።

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የምንሰማው የበላዔ ሰብእ ታሪክም ይህንኑ ያጸናል። 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ በሰጠው በጥቂት ውኃ ምክንያት ተማረ። ውኃው ከነፍሳቱ ብዛት ጋር የሚመዛዘን ሆኖ አይደለም። በዚያ ጨካኝ ልብ ውስጥ ምሕረት የሚገባበት አንዲት ጠባብ በር ተከፍታ ስለ ተገኘች ነው። ዲያብሎስ ግን ያችን በር እንኳ አልከፈተም።

ይህ ነገር ለዶርዜና ለጋሞ ሕዝብ ለማስተዋል የሚከብድ አይደለም። በጋሞ ደጋ ሽማግሌዎች ዱቡሻ በሚሉት አደባባይ ለዕርቅ ሲቀመጡ፥ ጎሜ የሚሉት በደል ተነግሮ ሳይወጣ ዕርቅ እንደማይጸና ያውቃሉ። ተበዳዩ ይቅር ለማለት ቢዘጋጅ እንኳ፥ በዳዩ በደሉን ካልተናገረ ሽማግሌው ባዶ እጁን ይመለሳል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ዶርዜዎችና ሌሎች የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፥ በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቍጣ ተነሥተው ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎችም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ሐዘናቸው ትኩስ ሳለ የአባቶቻቸውን ጕልበት አይተው ተመለሱ። ይህ በአገር ሁሉ የተሰማና የተመሰገነ ሥራ ነው።

እስኪ እናስተውል። ሽማግሌዎቹ የለመኑት ኃይል አጥተው አይደለም፤ ነገር ግን ለምነው መመለስ የሚችሉት የሚሰማ ሲያገኙ ብቻ ነው። ክርስቶስ ሠምራ በዲያብሎስ ፊት እንደ እነዚህ ሽማግሌዎች ነበረች፤ እርሱ ግን እንደ እነዚያ ወጣቶች አልሆነም። እኛ ከሁለቱ ማንን እንመስላለን የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዳችን ቀርቧል። የእግዚአብሔር ምሕረት በካህን፥ በንስሓ አባት፥ በተበደለ ወንድም እጅ እርጥብ ሣር ይዞ በየዕለቱ በፊታችን ይንበረከካል። የተቀየመውን ጎረቤት ለዐሥር ዓመት ሰላም የማይል፥ የእኅቱን ርስት ይዞ ሽማግሌ የሚመልስ ሰው፥ ሁሉ ይድናል ወይስ አይድንም ብሎ ከመከራከሩ በፊት በእጁ ያለውን ዕርቅ ሊቀበል ይገባዋል። ሸማኔ ድሩ ሲበጠስበት ገና በሥራ ላይ ሳለ ይቀጥለዋል፤ ነጠላው ተሠርቶ ከወረደ በኋላ ግን የመቀጠያው ጊዜ ያልፋል። ንስሓም እንዲሁ ነው፤ የገዛ ንስሓችን ጊዜ ይህ ሕይወታችን ነው።

ያለ ንስሓ የተለየውን ወንድሙን ለሚያስብ ሰው ደግሞ የምንለው አለን። የሟቹን የመጨረሻ ሰዓት ልብ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ በማንም ላይ ፍርድ አንናገርም። ቤተ ክርስቲያንም በፍትሐት፥ በ40 እና በ80 ቀን፥ በሙት ዓመትም ስለ ሙታን መጸለይዋን አታቋርጥም። ሁሉ ይድናል ብለን አናስተምርም፤ ስለ ሁሉ ግን እንለምናለን። ከክርስቶስ ሠምራ የተማርነው ይህን ነው። ስለ አንድ ለምና እልፍ ካወጣች፥ በቅን ልብ የተለመነ ጸሎት ያለ ፍሬ እንደማይቀር እናምናለን።

ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ገድሏን ፈጽማ ያረፈችው ነሐሴ 24 ቀን ነው። ይህች ቀን የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትም ዕረፍት መታሰቢያ ናት። በጓንጉት ገዳሟ እስከ ዛሬ ድረስ ምእመናን ከሩቅና ከቅርብ እየመጡ በረከቷን ይቀበላሉ። ወደዚያ መሄድ የማይችል በዶርዜም፥ በሽሮ ሜዳም፥ ባለበት ስፍራ ሆኖ መታሰቢያዋን ማክበር ይችላል። መልካሙ መታሰቢያዋ ግን የተጣላውን መታረቅ፥ የበደሉትን ይቅርታ መጠየቅ ነው።

ልመናዋን የሰማ አምላክ የእኛንም ይስማ፤ የዕርቅን ቃል የማይጠላ ልብ ይስጠን። የእናታችን የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።