ቅዱስ ያሬድ፦ ደግሞ የተማረ፣ አስደግሞ ያስተማረ

በአማርኛችን ዳዊት ይነበባል ከማለት ይልቅ ዳዊት ይደገማል ማለት የተለመደ ነው። ውዳሴ ማርያምም ይደገማል፤ በየቤታችን ማታ ማታ የመቁጠሪያ ጸሎትም ይደገማል። መድገምና መጸለይ በአንደበታችን ይህን ያህል ተቀራርበው ሳለ፣ ከዚያው ከአንዱ ግንድ ድግምት የሚለው ቃል መብቀሉ ግን ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው። አንዱ ወደ እግዚአብሔር የሚያደርስ ሲሆን ሌላው በቃል ብዛት እግዚአብሔርን ወይም መናፍስትን ለማስገደድ የሚደረግ ሙከራ ነው። ጌታችንም በተራራው ስብከቱ ያስጠነቀቀው ከዚህ ከሁለተኛው ነበር። ስለዚህ በየቁምስናውና በየጸሎት ቤቱ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች የሚያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። ሕፃናት አባታችን ሆይን፣ ጸሎተ ሃይማኖትንና ዐሥርቱን ትእዛዛት በቃላቸው ደጋግመው እንዲይዙ ማድረጋችን ልባቸውን ያንጻል ወይስ አፋቸውን ብቻ ያለማምዳል? በይርጋጨፌና በአካባቢዋ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። በቤቱ ጌዴኦፋ እየተናገረ ያደገ ልጅ ጸሎቱን በአማርኛ ሲማር፣ የሚደግመው ቃል ትርጉሙ ገና ያልተገለጠለት ሊሆን ይችላልና። በዚህ እትም የማሕሌታዊውን የቅዱስ ያሬድን ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ የመረጥነው ይህንን በማሰብ ነው። እርሱ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር የምንጋራው የዜማ አባት ነው። በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ካቶሊካውያንም የሚያዜሙት ከእርሱ የተወረሰውን ዜማ ነው።

ትውፊት እንደሚያስረዳው ያሬድ የተወለደው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ነው። ዘመኑ የአክሱም መንግሥት የገነነበት ዘመን ነበር። ዐፄ ካሌብ በናግራን ስለ ተጨፈጨፉት ክርስቲያኖች ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የዘመተው፣ ዘጠኙ ቅዱሳን ተብለው የሚጠሩት መነኮሳትም ገዳማትን የመሠረቱት በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው። ገድሉ ግን የተጻፈው ከዕረፍቱ ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ስለ ሆነ፣ በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደ ዜና መዋዕል ልንቈጥረው አይገባም። ይህ ማለት ግን ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሕዝበ ክርስቲያን ከአንድ ቅዱስ ሕይወት ምን መርጦ እንዳስታወሰ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ከያሬድ ልጅነት መርጦ ያስታወሰውም ብልህነቱን ሳይሆን ትምህርት እንቢ ያለው መሆኑን ነው።

ያሬድ አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነበር። እናቱ ታውክልያ በአክሱም ጽዮን መምህር ለነበሩት ለዘመዷ ለአባ ጌዴዎን አደራ ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በዘመኑ ልማድ ዳዊት ያስጠኑት ጀመር። ልጁ ግን ቀለም አልገባ አለው፤ የዛሬውን ሲይዝ የትናንቱ ይጠፋዋል፣ የትናንቱን ሲያስታውስ የዛሬው ያመልጠዋል። ጓደኞቹ እየቀደሙት ሄዱ፤ ሣቁበትም። መምህሩም በስንፍና የመጣ መስሏቸው በብርቱ ገረፉት። ያሬድ ምሬቱ በዛበትና ትምህርቱን ጥሎ ኰበለለ።

ወደ ሌሎች ዘመዶቹ አገር ሲጓዝ ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት በግንዱ ላይ ስትወጣ ተመለከተ። ትሏ ጥቂት ከወጣች በኋላ ወደቀች፤ ዳግመኛ ጀመረች፤ ዳግመኛም ወደቀች። በብዙዎች አተራረክ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ፍሬው ካለበት ደረሰች። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ አለቀሰ፤ ተነሥቶም ወደ አክሱም ተመለሰና መምህሩን ይቅርታ ለመነ። አባ ጌዴዎንም ተቀብለው እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመሩለት። ከዚያ በኋላ ያሬድ በጸሎትና በጥናት ተግቶ መዝሙረ ዳዊትን፣ የብሉይና የሐዲስ መጻሕፍትንም በአጭር ጊዜ እንዳወቀ፣ በ14 ዓመቱም ዲቁና እንደ ተቀበለ ይነገራል።

ይህ ታሪክ በየሰንበቱ ትምህርት ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሲነገር ግን ሁለት ነገሮች ይዘለላሉ። አንደኛው አለንጋው ነው። አንዳንዶች ያሬድን ሊቅ ያደረገው ግርፋት እንደ ሆነ አድርገው ሲተርኩ ሰምተናል፤ ታሪኩ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። ግርፋቱ ልጁን ከጽዮን ደጅ አስወጣው እንጂ አንዲት መዝሙር አላስያዘውም። የመለሰችው በዝምታ የወጣችና የወደቀች ትል ናት። ሁለተኛው የአባ ጌዴዎን ነገር ነው። ልጁ ብቻ አይደለም የደገመው፤ መምህሩም ደግመዋል። ያስተማሩትን ትምህርት፣ ያውም ለተስፋ ቢስ ተማሪ፣ ከሀ ብለው መጀመር ነበረባቸው። ለመምህር ከዚህ የበለጠ አድካሚ ነገር እንደሌለ በየዓመቱ ለአዳዲስ ንኡሰ ክርስቲያን አንዱኑ ትምህርት የሚያቀርቡ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ያውቁታል።

የአካባቢያችን ገበሬም ቢሆን ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እሸት ቡና በአንድ ቀን አይለቀምም፤ የቀላው ብቻ ይለቀምና አረንጓዴው ይተዋል፤ ከቀናት በኋላ ወደዚያው ዛፍ ይመለሱበታል። ተፈልፍሎና ታጥቦ በአልጋ ላይ የተሰጣውንም ቡና ሴቶች ቀኑን ሙሉ እየመላለሱ ያገላብጡታል፤ በየጊዜውም የተበላሸው ይለቀማል። ዛፉ አንድ ነው፣ እጁም አንድ ነው፤ የሁለተኛው ዙር ለቀማ ግን ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም፤ በመካከሉ ፍሬው በስሏልና። አንድን ጸሎት በሰባት ዓመትና በሠላሳ ዓመት የሚደግም ሰውም እንደዚሁ ነው። ቃሉ ያው ሲሆን ሰውየው ግን ሌላ ነው። ከሐዘን በኋላ አባታችን ሆይን የደገመ ሰው ይህን ሳያስረዱት ይረዳዋል።

ወደ ያሬድ ታሪክ እንመለስ። ገድሉ እንደሚለው እግዚአብሔር ሦስት አዕዋፍ ልኮ በግዕዝ ቋንቋ አናገሩት፤ ወደ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌምም ተመሥጦ የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ማሕሌት ሰማ። ሲመለስም በአክሱም ጽዮን ቆሞ በታላቅ ድምፅ አዜመ። ንጉሡና ጳጳሱ፣ ካህናቱና ሕዝቡም ሊሰሙት ተሰበሰቡ። በምዕራቡ ዓለምም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ትውፊት መኖሩን አንባብያን ሳያስታውሱ አይቀሩም። ከ590 እስከ 604 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በጵጵስና የተቀመጠው ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ርግብ በጆሮው ዜማ ስታሰማው ይሣላል፤ በስሙም የሚጠራ ዜማ አለ፤ ምንም እንኳ ሊቃውንት ዜማው አሁን ያለውን መልክ የያዘው ከእርሱ በኋላ ነው ቢሉም። በሁለቱም ወገን አባቶቻችን ለማለት የፈለጉት፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሰው ከራሱ ፈጥሮ የሚያቀርበው ሳይሆን ሰምቶ መልሶ የሚያሰማው መሆኑን ይመስለናል። እንዲህ ከሆነ ያሬድ በሰማይ ፊትም ተማሪ ነበር፤ የሰማውን ደገመ።

ለያሬድ የሚሰጡት ድርሰቶች ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። ድጓ የዓመቱን በዓላት በየተራቸው የሚከተል ሲሆን ጾመ ድጓ ለዐቢይ ጾም የተመደበ ነው። ዜማውም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል፤ ሊቃውንቱም በሥላሴ ይመስሏቸዋል። በማሕሌት ጊዜ አንዱ ቃል እንዴት እንደሚመላለስ ያየ ሰው ድግግሞሽ ምን ያህል ሥርዓት ሊኖረው እንደሚችል ያስተውላል። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ምንም መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ፣ ካህናቱ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ ይሉታል። ከዚያም ጽናጽልና ከበሮ ይገቡበታል፤ በመረግድ በእርጋታ ይጀመርና በጽፋት እየፈጠነ በጭብጨባ ይፈጸማል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ነገር ግን በመጀመሪያ በአንደበት የነበረው በመጨረሻ በእጅና በእግር፣ በመላ ሰውነት ይጸለያል። ቃሉ የሰውን ሁለንተና እስኪይዝ ድረስ ይደገማል ማለት ነው።

ሥዕልም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የያሬድ ታሪክ ከካሌብ ልጅ ከዐፄ ገብረ መስቀል ጋር የሆነው ነው። ንጉሡ በጦሩ ተደግፎ ዜማውን ሲያዳምጥ፣ ልቡ ከመመሰጡ የተነሣ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ሲፈስስ ዘማሪው አልተሰማውም፣ ንጉሡም አላስተዋለም። ሠዓሊዎች ይህን ትዕይንት ለብዙ ዘመን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳና በየብራናው ሲሥሉት ኖረዋል። ጦሩ፣ የተወጋው እግር፣ ጽናጽል የያዙት ካህናት፣ በዛፉ ላይ ያሉት ሦስት አዕዋፍ ሳይለወጡ ይመላለሳሉ። በዚህ ሙያ ተማሪው የመምህሩን ሥዕል እየገለበጠ ያድጋል፤ ያልተማረው ምእመንም ሥዕሉን ገና ከሩቅ ሲያይ የማን እንደ ሆነ ያውቃል።

ንጉሡ ደሙን ባየ ጊዜ ደንግጦ ያሬድ የወደደውን ሁሉ እንዲለምነው ፈቀደለት። ያሬድ ሀብትም ሹመትም አልለመነም፤ ወደ ምናኔ እንዲያሰናብተው ብቻ ጠየቀ። ንጉሡ ቢያዝንም ቃሉን ማጠፍ አልቻለም። ማሕሌታዊው አክሱም ጽዮንን ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። በዚያም በጾምና በጸሎት እየኖረ ደቀ መዛሙርትን አስተማረ። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. እንደ ተሰወረ ትውፊት ይናገራል፤ በዓሉም በዚሁ ዕለት ይከበራል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በእኛ አስተያየት ከተአምራቱ ያላነሰ ያስደንቃል። የዜማው ምልክት ዛሬ በምናውቀው መልክ የተደራጀው በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው፤ ይህን የሠሩትም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ ይነገራል። ከያሬድ እስከ እነርሱ አንድ ሺህ ዓመት ያህል አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን ዜማው የተላለፈው መምህር እያለ ተማሪ እየተከተለ፣ ቀን በብራና ሌሊት በጨለማ በቃል እየተቀጸለ ነው። በመንገድ ላይ ምንም አልተለወጠም ብሎ የሚምል ሊቅ የለም፤ ባይደገም ኖሮ ግን የሚለወጥ ነገር እንኳ ባልተገኘ ነበር።

ምልክቶቹ ራሳቸው ልብ ሊባሉ ይገባል። ይዘት፣ ጭረት፣ ርክርክና የመሳሰሉት ስምንት ዋና ምልክቶች አሉ፤ ሊቃውንቱም ከጌታ ሕማም ጋር አያይዘው ይፈቷቸዋል፤ ይዘትን ከመያዙ፣ ጭረትን ከግርፋቱ፣ ርክርክን ከደሙ መንጠባጠብ ጋር። ከእነዚህ ሌላ ከቃሉ በላይ በትንንሽ ፊደላት የሚጻፉ ምልክቶች አሉ፤ እነዚህም ተማሪው ከዚህ በፊት በቃሉ ያጠናውን ዜማ የሚያስታውሱ አጭር ጽሑፎች ናቸው። በጣልያን አገር ጊዶ ዘአሬዞ የተባለው መነኵሴ በ11ኛው መቶ ዓመት በመስመር ላይ የሚጻፍ ምልክት ባወጣ ጊዜ ሐሳቡ ሌላ ነበር። ዘማሪ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀት እንዲያነብ አስቻለው፤ ዐሥር ዓመት የሚፈጀውንም ትምህርት ወደ አንድና ሁለት ዓመት እንዳሳጠረው ይነገርለታል። የእኛዎቹ ምልክቶች ግን ላልደገመ ሰው ምንም አይናገሩም። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ምልክቱን ቢያውቅም ዜማውን ከመምህር አፍ ካልተቀበለ አይመሰከርለትም። የጊዶ መንገድ ፈጣን ነው፤ በዚህ አንከራከርም፤ መዘምራኖቻችንም ቢማሩት ይጠቀማሉ። የአባቶቻችን መንገድ ደግሞ ተማሪውን ለብዙ ዓመታት ከአንድ መምህር ጋር ያኖረዋል፤ ከዜማው ጋርም የመምህሩን ጾምና ትዕግሥት ያያል።

ካሴት ከመጣ ወዲህ፣ አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ፣ ዜማው ሳይደክም የሚደግም መሣሪያ አግኝቷል። የድምፅ ችግር ላለበት የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ በሩቅ ጸሎት ቤት ያለ የመዘምራን ቡድንም አዲስ መዝሙር ለመያዝ መንገድ አይሄድም። ችግሩ ስልኩ ሲደግም ልጁ ዝም ብሎ የሚሰማ ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የሚለማመደው ስልኩ ነው። አንድ ጊዜ አሰምቶ፣ አጥፍቶ፣ ልጆቹን ማስባል ይሻላል።

ስለ ቋንቋው ጥያቄ ያሬድ ራሱ የሚሰጠን ፍንጭ አለ። አዕዋፉ ያናገሩት በሚያውቀው ቋንቋ በግዕዝ ነበር። በግንቦት ወር የዚህን ቅዱስ ታሪክ ለልጆች የምትነግሩ መምህራን የትሏን ነገር መጀመሪያ በጌዴኦፋ ብትነግሯቸው፣ ልጆቹም በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲተርኩት ብታደርጉ፣ ከዚያም በኋላ በአማርኛ ብትደግሙላቸው መልካም ነው። ከክፍሉ ልጆች ኋላ የሚቀረውም ተራው እንዲደርሰው ይሁን፤ ስድስት ጊዜ ቢሳሳትም።