ድምፅን በቁጥር የለካው ሰው — አሌክሳንደር ኤሊስ

በዚህ ዓምድ የምናስተዋውቃችሁ እንግሊዛዊ ሊቅ ለሙዚቃ ትምህርት ትልቅ ውለታ የዋለ ነው። የሚገርመው ግን እሱ ራሱ ለሙዚቃ የሚሆን ጆሮ አልነበረውም።

አሌክሳንደር ጆን ኤሊስ በ1814 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ተወለደ። የአባቱ ስም ሻርፕ ነበር። ከእናቱ ወገን የሆነ ዘመድ ስሙን እንዲለውጥ ጠይቆ ሀብት ስለሰጠው በ1825 ኤሊስ ተባለ። በዚህም ለእንጀራ ሳይጨነቅ ዕድሜውን ለምርምር አዋለ። ካምብሪጅ ተምሮ በ1837 ተመረቀ። ቀጥሎም ከአይዛክ ፒትማን ጋር፣ እንግሊዝኛ እንደሚነገረው የሚጻፍበት ፊደል ለማውጣት ብዙ ደከመ። ኋላ ፊቱን ወደ ሙዚቃ መልሶ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሔልምሆልትዝ ስለ ድምፅ የጻፈውን መጽሐፍ ተረጎመ፤ ትርጉሙ በ1875 ታተመ።

በዚያን ጊዜ አንድ ችግር ነበር። የአውሮፓ ኦርኬስትራ የሚቃኘው «ላ» በሚባለው ድምፅ ነው። ታዲያ የአንዱ ከተማ ላ ከሌላው ከተማ ላ ጋር አይገጥምም። ላ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ጉሮሮው የሚጎዳው ዘፋኙ ነው። ፈረንሳይ በ1859 ላ በሴኮንድ 435 ንዝረት ይሁን ብላ ወሰነች፤ ሌላው ግን በየፊናው ቀጠለ።

ኤሊስ ነገሩን ከሥሩ መረመረ። የድሮ መቃኛ ሹካዎችንና የኦርጋን ቧንቧዎችን እየፈለገ ለካ። የሄንድል ሹካ 422.5 ንዝረት ሆኖ ተገኘ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ንዝረቱ የታወቀ ሹካ ካልታወቀው ጋር አብሮ ሲመታ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሆነ ሲቆጠር ልዩነቱ ይገኛል። ለመቁጠር እኮ ዘፋኝ መሆን አያሻም! ጆሮ በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ የፒያኖ ባለሙያው አልፍሬድ ሂፕኪንስ ይረዳው ነበር። የጥናቱ ውጤት በ1880 ወጣ።

በ1885 ኤሊስ ሴንት የተባለውን መለኪያ ለዓለም አስተዋወቀ። አንድ ኦክታቭ በፒያኖ ላይ 12 እኩል ግማሽ ድምፆች አሉት፤ እያንዳንዱ 100 ሴንት ሲሆን ጠቅላላው 1200 ነው። በዚህ ሲለካ የፒያኖው ከ«ዶ» እስከ «ሚ» ያለው ርቀት 400 ሴንት ነው፤ ንጹሑ ግን 386 ገደማ ነው። ለካ ፒያኖም ቢሆን ለአሠራር እንዲመች የተስተካከለ ነው።

ከዚያ ኤሊስና ሂፕኪንስ የሌሎችን ሕዝቦች መሣሪያዎች ለኩ። በጃቫ ኦክታቩን አምስት ቦታ የሚከፍል፣ እርምጃው ወደ 240 ሴንት የሚጠጋ ቅኝት አገኙ። የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ደግሞ ሰባት ነው፤ እርምጃው ወደ 171 ሴንት ይጠጋል። ስለዚህ ኤሊስ የሙዚቃ ቅኝት አንድ ብቻ አይደለም፣ ተፈጥሮ የደነገገችውም አይደለም፣ ሕዝቦች በየመልኩ ያበጁት ነው ሲል ደመደመ። የአውሮፓው ብቻ ትክክል ይመስል በነበረበት ዘመን ይህን መናገር ቀላል አልነበረም።

ኤሊስ በ1890 ዐረፈ። ላ 440 ንዝረት እንዲሆን በዓለም አቀፍ ጉባኤ የተስማሙት ለንደን ላይ በ1939 ነው።

እኛ መምህራን ከዚህ የምንወስደው አለ። ተማሪው ያዜመው ከኦርጋኑ ጋር አልገጠመም ብለን ተሳስተሃል ከማለታችን በፊት፣ ልጁ የያዘው የአገሩን ቅኝት እንደሆነ እናጣራ። ኤሊስ ከመፍረዱ በፊት ይለካ ነበር።