እጃቸው የረዘመው የምእመናን እናት



በአማርኛችን «እጀ ረጅም» ስንል የምናሞግሰው ሰው የለም። ወይ የሰው ንብረት የሚነካ ነው፣ ወይ ጉልበቱ ሩቅ የሚደርስ ባለ ሥልጣን ነው። ደጉን ሰው «እጀ ሰፊ» ነው የምንለው። ዐረቦች ግን የእጅን ርዝመት ለቸርነት ይሰጡታል። ዛሬ ታሪካቸውን የማወጋችሁ እናት በዚሁ በእጅ ርዝመት የተመሰከረላቸው ናቸው። እኚህም እናት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ዘይነብ ቢንት ጀህሽ (ረ.ዐ.) ናቸው። እጃቸው የረዘመው ወርቅና ብር ስለ ሞላበት አይደለም። ቆዳ ያለፋ፣ ይሰፋ፣ ክር ይፈትል ስለ ነበር ነው።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአባቴ ወገን ከላስታ ነው። ወንድ አያቴ ሸማኔ ነበሩ፤ ሴት አያቴ ደግሞ እንዝርት ከእጃቸው አይለይም ነበር። ላስታን የሚያውቅ ብርዱን ያውቃል። ላሊበላ ከተማ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ በላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለ አገር ልብስ ጌጥ ሳይሆን ሕይወት ነው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ሴቶቹ ይዳምጡታል፣ በደጋን ይነድፉታል፣ ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ድሩን ከማጉ ያገናኛል። የተሠራው ጋቢ ሲሳሳ ይጠቀማል፤ ሲቀደድ ይጣፋል፤ መጣፍ ሲያቅተው ደህና ደህናው ተቆርጦ ለልጅ ይሆናል፤ የቀረው እራፊ ሌላውን ይጥፋል። ከአንድ ጋቢ የሚጣል ነገር አልነበረም።

ይሁንና ይህን ሁሉ የሚሠራው እጅ የተናቀ እጅ ነበር። በሰሜኑ ደጋ ብዙው ሙስሊም የመሬት ርስት ስላልነበረው በሽመናና በንግድ ይኖር እንደ ነበር ይታወቃል። መሬት ለአራሹ የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አርሶ መብላት ያልተፈቀደለት ሰው ሠርቶ ሲበላ ደግሞ ይሰደብ ነበር። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪው «ቡዳ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» ይባል ነበር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአፍ አልወጣም። እኔም ተማሪ ሳለሁ «የሸማኔ ልጅ» ተብዬአለሁ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ንቀቱ ከውጭ ብቻ አለመሆኑ ነው። እኛው ሙስሊሞቹ መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሰግደን ስንወጣ፣ ልጃችንን ለቆዳ ፋቂ ልጅ ለመዳር ፊታችንን የምናጠቁር ጥቂቶች አይደለንም።

እንግዲህ ይህን ንቀት ይዘን ወደ ዘይነብ (ረ.ዐ.) ሕይወት እንግባ።

ዘይነብ በዘር የሚታሙ ሴት አልነበሩም። እናታቸው ኡመይማ የአብዱል ሙጠሊብ ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአክስት ልጅ ይሆናሉ። ወንድማቸው አብዱላህ በኡሑድ ዘመቻ ሸሂድ ሆነዋል። ሌላው ወንድማቸው ዑበይዱላህ ወደ ሐበሻ ተሰድዶ እዚሁ በእኛው አገር ሞቷል። እንዲህ ያለች ባለ ዘር ሴት በመጀመሪያ የተዳሩት ነፃ ለወጣው ባሪያ ለዘይድ ኢብኑ ሓሪሣ (ረ.ዐ.) ነው። ዘራቸውን የሚያውቁት ዘይነብ ነገሩ ከብዷቸው ነበር፤ የአላህና የመልእክተኛው ትእዛዝ መሆኑን ሲያውቁ ግን እሺ አሉ። ትዳሩ አልሰመረምና ተፋቱ። ከዚያ በኋላ በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አገቧቸው። ይህ ጋብቻ በቁርኣን በሱረቱል አሕዛብ የተነገረ ነው። ጉዲፈቻ እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠር የነበረበት የዐረቦች ልማድ የተሻረውም በዚሁ አጋጣሚ ነው። ለሠርጋቸው በግ ታርዶ ሕዝቡ ዳቦና ሥጋ በልቷል፤ የሒጃብ አንቀጽም የወረደው በዚሁ ድግስ ጊዜ ነው።

ለመሆኑ የነቢዩ ባለቤት፣ የቁረይሽ ዘመድ፣ ጋብቻቸው በቁርኣን የተነገረላቸው ሴት ቤታቸው ቁጭ ብለው ምን ይሠሩ ነበር? ሙስሊም በሰሒሓቸው በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤታቸው ሲገቡ ዘይነብ ቆዳ ሲያለፉ አግኝተዋቸዋል። ልብ በሉ! ቆዳ ነው ያልኩት። በላስታ ገበያ «ፋቂ» ተብሎ ዳር የሚቀመጠው ሰው የሚሠራውን ሥራ ማለቴ ነው። ቆዳ ማልፋት ይሸታል፤ እጅ ያሻክራል፤ ጥፍር ያጠቁራል። የምእመናን እናት እጅ እንዲህ ያለ እጅ ነበር።

የታሪክ ጸሐፊዎች ዘይነብ እጀ ብልሃተኛ እንደ ነበሩ ይናገራሉ። ቆዳውን አልፍተው ይሰፉታል፤ ሸጠው ያገኙትንም በአላህ መንገድ ይሰጡታል። ሌላ ዘገባ ደግሞ ክር እየፈተሉ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘማቾች ይሰጡ እንደ ነበር፣ ዘማቾቹም በዚያ ክር የተቀደደባቸውን ይሰፉበት እንደ ነበር ይገልጻል። ይህን ሳነብ ሴት አያቴ ትዝ አሉኝ። በረሃ ለበረሃ ለሚሄድ ሰው ልብሱ ሲቀደድ፣ የውኃ ስልቻው ሲተረተር የሚያድነው ሰይፍ አይደለም፤ ጥቂት ክርና መርፌ ነው። ዘይነብ ይህን ያውቁ ነበር።

የቤቱ ልማድም ይኸው ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ሲጠየቁ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ እንደ ነበር ተናግረዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሆነው ሳሉ የለበሱት ልብስ በብዙ ቦታ የተጣፈ እንደ ነበር በሰሓባ ዘመን የነበሩ ሰዎች አይተው መስክረዋል። የተጣፈ መልበስ በዚያ ዘመን የድህነት ማፈሪያ አልነበረም።

ዘይነብና ዓኢሻ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ባላቸው ቦታ የሚፎካከሩ ነበሩ። ዳሩ ግን በዓኢሻ ላይ የሐሰት ወሬ በተነዛ ጊዜ፣ የዘይነብ እህት ሐምና ሳይቀሩ ከወሬኞቹ ጋር ሲቆሙ፣ ዘይነብ ተጠይቀው ስለ ዓኢሻ ከመልካም በቀር አልተናገሩም። ዓኢሻም ይህን አልረሱላቸውም። በኋላ ስለ ዘይነብ ሲመሰክሩ፣ በሃይማኖቷ የጸናች፣ እውነት የምትናገር፣ ዘመድ የምትጠይቅ፣ ለሰደቃ ራሷን በሥራ የምታደክም ሴት እንደሷ አላየሁም የሚል ምስክርነት ሰጥተዋል፤ ቶሎ የመቆጣት ጠባይ እንደ ነበራቸውና ቶሎም እንደሚመለሱ ሳይሸሽጉ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከባለቤቶቻቸው መካከል ቀድማ የምትከተላቸው እጀ ረጅሟ መሆኗን ነግረዋቸው ነበር። ባለቤቶቻቸው ቃሉን እንደ ወረደ ወስደው ከነቢዩ ኅልፈት በኋላ እጅ ለእጅ ይለካኩ ነበር። ዘይነብ ቁመታቸው አጭር ነበርና ማንም አላሰባቸውም። በ20 ዓመተ ሂጅራ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ641፣ ቀድመው የሞቱት ግን ዘይነብ ሆኑ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባቸው። የእጅ ርዝመት የተባለው ሠርቶ መስጠት ኖሯል።

ከመሞታቸው በፊት የሆነውንም ልንገራችሁ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ከመንግሥት ግምጃ ቤት ለእያንዳንዷ የነቢዩ ባለቤት የዓመት ድርሻ ሲመድቡ ለዘይነብ 12,000 ድርሃም ላኩላቸው። ዘይነብ ገንዘቡን በጨርቅ አስሸፈኑትና ከሥሩ እየተዘገነ ለዘመድና ለየቲም እንዲታደል አዘዙ። ሲታደል ሲታደል ከጨርቁ ሥር 85 ድርሃም ብቻ ቀረ፤ እሱንም ላገለገለቻቸው ሴት ሰጡ። ከዚያም እጃቸውን አንሥተው ይህ ስጦታ በሚቀጥለው ዓመት እንዳያገኛቸው አላህን ለመኑ። ዑመር ነገሩን ሰምተው ሌላ 1,000 ድርሃም ቢልኩ እሱም በዚያው መንገድ ሄደ። ዓመቱ ሳይደርስ ዘይነብ አረፉ። ዕድሜያቸው 53 ዓመት ያህል ነበር።

ከፈናቸውን ራሳቸው አዘጋጅተው ነበር። ዑመር ሌላ ከፈን ሊልኩ እንደሚችሉ ገምተው፣ ከሁለቱ አንዱ ለሰደቃ እንዲውል ተናዘዙ። እንዳሉትም ዑመር ላኩ፤ እህታቸው ሐምናም ዘይነብ ያዘጋጁትን ከፈን ሰደቃ ሰጡት። ለመቃብር የሚሆን አንድ ጨርቅ እንኳ ትርፍ ሆኖ እንዳይቀመጥ የተጨነቁ ሴት ነበሩ።

ጀናዛቸው ሲወጣ ደግሞ አገራችን ስሟ ይነሣል። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ከባላቸው ከጃዕፈር ጋር በሐበሻ በስደት ብዙ ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። የሴት ገላ ከሰው ዓይን እንዲሰወር ቃሬዛውን ከላይ ጋርዶ በልብስ መሸፈንን በሐበሻ ማየታቸውን ነግረው ለዘይነብ እንደዚያው ተደረገ፤ ዑመርም ወደዱት የሚል ዘገባ አለ። ቀድሞ ለነቢዩ ልጅ ለፋጢማ ተደርጓል የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ ሥርዓቱን ከሐበሻ ያመጡት አስማእ መሆናቸውን ሁሉም ያወሳሉ። የሐበሻ እጅ የዘረጋው ልብስ የምእመናንን እናት ሸፍኖ ወደ በቂዕ ሸኘ ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ ታሪኩን ለታሪክነቱ ብቻ አላወጋኋችሁም። ላሊበላ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ክፉ ጊዜ አይታለች። በመጋቢት 2012 የመጣው ኮሮና እንግዳውን አስቀረ። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። ጋቢና ነጠላ ለጎብኚ እየሸጠ ይኖር የነበረው ሸማኔ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ገዢ አጣ። የላስታ ሸማ የሠሪውንም የለባሹንም ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ሙስሊሙ የሠራውን ነጠላ ክርስቲያኑ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። ችግሩም ሁለቱን እኩል ነው የመታቸው።

እኛ ከተማ የምንኖረው ታዲያ ምን አደረግን? በየኮንቴይነሩ የሚመጣውን ርካሽ ልብስ ገዝተን ሁለት ጊዜ አጥበን እንጥላለን። ለተቸገረ ስንሰጥም ቁልፉ የረገፈውን፣ ብብቱ የተተረተረውን በላስቲክ ጠቅጥቀን እንልካለን። ይህ ሰደቃ ነው ወይስ ቤት ማጽዳት? ዘይነብ የሰጡት የተረፋቸውን አይደለም። በእጃቸው ሠርተው ነው የሰጡት።

እኔ የምለው ከባድ ነገር አይደለም። ለሰደቃ የምናወጣው ልብስ ከቤታችን ታጥቦ፣ ተጥፎ፣ ቁልፉ ተተክሎ ይውጣ። መርፌ መያዝ የማይችል ጎረምሳ ወንድ ልጃችንም ይማር፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልብሳቸውን ሰፍተዋልና ነውር የለበትም። በየመስጊዱ ጀመዓ የልብስ ስፌት መኪና ያላቸው እህቶች በወር አንድ ቀን ቢሰበሰቡ፣ ለዒድ የየቲሞች ልብስ ከገበያ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። ጋቢ መግዛት የሚችል ደግሞ ከላስታ ሸማኔ ይግዛ፤ ያ ጋቢ ተጠቅሞ ተጥፎ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ገንዘቡም አንድ ቤተሰብ ያሳድራል።

ከሁሉ በፊት ግን አፋችንን እንጠብቅ። ከእንግዲህ ማንም «ፋቂ» ወይም «ሸማኔ» ብሎ ለመስደብ አፉን ሲከፍት፣ ቆዳ አልፍተው ክር ፈትለው የቲም ያለበሱትን ሴት ያስብ። ስድቡ ከሳቸው እጅ ላይ እንደሚያርፍ ይወቅ። አላህ እጃችንን ለሥራ ያበርታው፣ ለመስጠትም ያርዝመው። አሚን።