ጄምስ ሊንድ፦ ምግብን እንደ መድኃኒት የፈተነው ሐኪም

ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1716 በስኮትላንድ ኤደንብራ ከተማ ተወለደ። ወጣት ሳለ በአንድ ቀዶ ሐኪም ሥር ሙያውን ተማረ፤ በ1739 የብሪታንያን ባሕር ኃይል ተቀላቀለ። በዚያ ዘመን በረጅም ጉዞ ላይ ያሉ መርከበኞችን ስከርቪ የሚባል በሽታ ይጨርሳቸው ነበር። ድዳቸው አብጦ ይደማል፣ ጥርሳቸው ይነቃነቃል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። መንስኤው የቫይታሚን ሲ እጥረት መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ለበሽታው ፍቱን ነው የሚባል ነገር ብዙ ነበር፤ የትኛው እንደሚያድን ግን በንጽጽር አልተረጋገጠም። ሊንድ በ1747 ሳልዝበሪ በተባለችው መርከብ ላይ ሕመማቸው የሚመሳሰል 12 መርከበኞችን መረጠ። ሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተለያየ ነገር ተሰጣቸው፦ ከፖም የተጠመቀ መጠጥ፣ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ኮምጣጤ፣ የባሕር ውሃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ያለበት ቅመም፣ ብርቱካንና ሎሚ። ፍሬው በስድስት ቀን አለቀ። ያን ጊዜ ግን ብርቱካንና ሎሚ ከበሉት አንዱ ወደ ሥራው ለመመለስ በቅቶ ነበር፤ ሌላው የቀሩትን ሕሙማን እንዲያስታምም ተመደበ።

ሊንድ ውጤቱን በ1753 በመጽሐፍ አሳተመ፤ ከ1758 ጀምሮም በሃስላር የባሕር ኃይል ሆስፒታል ሠራ። ሆኖም እሱም ተሳስቷል። ጭማቂው ለጉዞ እንዲቆይ በሙቀት ተኖ እንዲወፍር መከረ፤ ከትኩሱ ፍሬ ጋር ግን አላነጻጸረውም። ሙቀትና ረጅም ጊዜ ማቆየት ቫይታሚን ሲን ስለሚያጠፉ፣ ጭማቂው አብዛኛውን የማዳን ኃይሉን አጣ። ሊንድ በ1794 አረፈ። ባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞች እንዲታደል ያዘዘው በዓመቱ፣ በ1795 ነው።

ከሕይወቱ ለታካሚ የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፦ ምግብ በሽታን ሊያድን ይችላል፤ ነገር ግን የባለሙያው ዝና ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአመጋገብ ሕክምና ከመጀመርዎ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ።

• የት ተማሩ? የሥራ ፈቃድዎ የተመዘገበው በየትኛው አካል ነው? በሊንድ አገር በብሪታንያ ዛሬ ዳይቲሽያን የሚለው ስያሜ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኒውትሪሽኒስት የሚለው ግን አይደለም።
• ይህ ምግብ ወይም ቫይታሚን ለእኔ ሕመም እንደሚሠራ በምን ተረጋገጠ?
• ከምወስዳቸው መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል?
• ለውጡን የምንለካው በምንና መቼ ነው?

ብቁ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች ቅር አይሰኝም። ያለ ሐኪምዎ ምክር መድኃኒትዎን እንዲያቆሙ ከሚነግርዎት፣ ወይም ሁሉን በሽታ በአንድ ምግብ እፈውሳለሁ ከሚል ሰው ግን ይራቁ።