ጄምስ ብሩስ

ጄምስ ብሩስ (ዲሴምበር 14 ቀን 1730 – ኤፕሪል 27 ቀን 1794) የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ ተጓዥና ጸሐፊ ነበር። ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ ቆይቷል። በኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት ወር 1763 ዓ.ም.፣ ጎጃም ውስጥ ከሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ ደርሶ በምንጩ ውኃ ጽዋ ማንሳቱ በስሙ ከሚነገሩት ታሪኮች ዋነኛው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያ ሕይወቱ

ብሩስ የተወለደው በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ላይ ነው። እንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ቢጀምርም አልዘለቀበትም። በ1754 ከወይን ጠጅ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደችውን አድሪያና አለንን አግብቶ የአማቶቹን ንግድ ተቀላቀለ። ሚስቱ ግን በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ብሩስ ከዚያ በኋላ በስፔንና በፖርቱጋል ተዘዋወረ፣ ዐረብኛም ማጥናት ጀመረ።

በ1763 የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ገባ። ሥራውን ሲለቅ በሰሜን አፍሪካ የሚገኙትን የሮማውያን ፍርስራሾች እየዞረ አየ። ሥዕሎቹን እንዲሠራለት የቀጠረው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ አብሮት ነበር። በሊቢያ ጠረፍ የተሳፈረባት መርከብ ተሰብራ በዋና ወደ የብስ ወጣ። በቀርጤስና በሶርያ በኩል አልፎም በ1768 ግብፅ ደረሰ።

ከጅዳ ወደ ምጽዋ

ብሩስ ዓባይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ለመውጣት ሞክሮ ነበር፤ መንገዱ ስለ ተዘጋበት ግን በረሃውን አቋርጦ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። በ1769 ጅዳ ሲደርስ ልብሱ እንደ ተራ ቱርካዊ መርከበኛ ስለ ነበር እንግሊዛውያኑ በመጀመሪያ አላወቁትም። በወደቡ ላይ ከሕንድ ለንግድ የመጡ የእንግሊዝ መርከቦች ቆመው ነበር። ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ካፒቴኖቹ ተቀብለው አስተናገዱት፤ ለምጽዋው ናይብና ለትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል የሚሆን ደብዳቤ እንዲያገኝም ረዱት።

በዚያን ዘመን መርከበኞች ወደ ወደብ የገባውንም ሆነ ከወደብ የሚወጣውን በመድፍ ተኩስ ማክበር ልማዳቸው ነበር። ብሩስ ከጅዳ ሲነሣ መርከቦቹ ሁሉ ባንዲራቸውን ሰቅለው መድፍ ተኮሱለት። ካፒቴን ቶርንሂል ብቻ ዝም አለ። ብሩስ እንደ ጻፈው ወዳጁ ዝም ያለው ከንቀት አይደለም፤ ሰው ወደ ሞት አፍ ሲሄድ ደስታ መግለጥ ስላልፈለገ ነው። ካፒቴኑ ብዙም አልተሳሳተም። ብሩስ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ሲወርድ ናይቡ ሁለት ወር ያህል አግቶ አስጨነቀው። የሚፈራው የራስ ሚካኤል ስም ባይኖር ኖሮ ከዚያ በሕይወት መውጣቱ ያጠራጥራል።

በጎንደር

ብሩስ በአክሱም በኩል አድርጎ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት የባተበት ነበር። በዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዳግማዊ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት ቢቀመጡም ሥልጣኑ በሽማግሌው በራስ ሚካኤል እጅ ነበር። በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ በሐኪምነቱ በቁስቋም ወደ ነበሩት ወደ እቴጌ ምንትዋብ ቤት ተጠራ። የእቴጌዋን ልጅ የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት ያገኘው በዚህ ነው። አገሬው ያጉቤ ይለው ነበር። ተኩሱና ፈረስ ግልቢያው በቤተ መንግሥት ዝና ስላተረፈለት ከባለሟሎች ተቆጥሮ የፈረሰኛ አለቃ ሆነ። ንጉሡ ሊሾሙትና ሊሸልሙት ሲሹ የጠየቀው ነገር ግን ሰዎችን አስገረመ፤ የለመነው የግሽን መንደር ብቻ ነበር።

በግንቦት 1770 ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ በጦርነቱ ምክንያት ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አልዘለለም። በጥቅምት መጨረሻ እንደገና ተነሣ። በዳሞትና በአገው ምድር ኃይለኛ የነበሩት ፋሲል የግሽን ሹመት አጸኑለት። ኮርቻና ልጓም የተደረገለት ፈረስም ሰጡት፤ ፈረሱ እንዲቀመጥበት አልነበረም፣ ከፊቱ እየነዳው እንዲሄድ እንጂ። የፋሲልን ፈረስ ያየ ሁሉ መንገደኛውን አይነካም ነበር፤ ያለዚህ ይለፍ ብሩስ ሰከላ አይደርስም ነበር።

ጽዋው

በኖቬምበር 4 ቀን ከሰዓት በኋላ መንገድ መሪው ወልዶ ታመምሁ ብሎ ወደ ኋላ ቀረ። ሕመሙ ብሩስ የታጠቀውን ቀይ የሐር መቀነት ከመፈለግ የመጣ ነበር። መቀነቱን ሲቀበል ወዲያው ድኖ ከኮረብታው በታች ካለው ረግረግ መካከል በሣር የለመለመውን ጉብታ አሳየው። የአካባቢው አገዎች ውኃውን እንደ ቅዱስ ስለሚያዩት ጫማ አድርጎ መቅረብ ክልክል ነበር። ብሩስ ጫማውን አውልቆ ቁልቁለቱን ሮጠ፤ የአበባ ሥር እያደናቀፈው ሁለት ጊዜ ወድቆ ተነሣና ከምንጩ አፍ ቆመ።

ከዐረብ አገር ይዞት የመጣውን ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ጽዋ በምንጩ ውኃ ሞላ። ስትራቴስ የተባለውን ግሪካዊ ባልደረባውን ጠርቶ ለንጉሡ ለሳልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጡ። ለሩስያዋ ንግሥት ለካትሪንም ጽዋ ተነሣ፤ የካትሪን መርከቦች በዚያ ዓመት በግሪክ ባሕር ከቱርክ ጋር ይዋጉ ስለ ነበር ስትራቴስን ደስ የሚያሰኝ ጽዋ ነበር። ማርያ ለተባለች ሴትም ተነሣ።

ሥርዓቱ ከባሕር የመጣ ይመስላል። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በኒው ዚላንድ ሰንደቅ ሰቅሎ ለንግሥቲቱ ጤና አንድ ጠርሙስ ወይን ከጠጣ በኋላ ባዶውን ጠርሙስ አብሮት ለነበረ ሽማግሌ ሰጥቶ ነበር። ብሩስ በግሽ በቆመባቸው ቀናት የኩክ መርከብ ባታቪያ ወደብ ላይ ትጠገን ነበር። ለንጉሥ፣ ከዚያም ለቀረች ወዳጅ መጠጣት የእንግሊዝ መርከበኞች የታወቀ ልማድ ነው። የብሩስ ግብዣ ግን ከባሕር ርቆ በደጋ ላይ ሆነ፤ መድፍ አልነበረም፤ መጠጡም ውኃ ነበር።

ደስታው አላደረም። ብሩስ ራሱ እንደ መሰከረው ወዲያው ከባድ ሐዘን ያዘው። የመጣበትን መንገድ መልሶ መሄድ እንዳለበት አሰበ፤ የሞተባቸውን ሰዎችና ገና የሚጠብቀውን አደጋ እየቆጠረ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣ። በማግሥቱ ግን መሣሪያዎቹን አውጥቶ ልኬት ጀመረ። ያገኘው ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ያህል ሲሆን ከዛሬው ልኬት ብዙም አይርቅም።

በጽዋው ያልተነሡት

ብሩስ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ከአውሮፓ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ተከራክሯል። ይህ ትክክል አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ ከዓፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በኤፕሪል 21 ቀን 1618 ምንጩን አይቷል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀሮኒሞ ሎቦ መጥቷል። ብሩስ የፓኤዝን ጽሑፍ ቁርጥራጭ አንብቦ ሐሰት ነው ብሎ ጣለው። የፓኤዝ ሙሉ መጽሐፍ የታተመው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው።

ከዚህ የሚከፋው የባሉጋኒ ነገር ነው። ሠዓሊው በምንጩ አብሮት ነበር፤ የሞተው በ1771 ጎንደር ውስጥ ነው። ብሩስ በመጽሐፉ ሞቱን ወደ ኋላ ጎትቶ ከግሽ ጉዞ በፊት አደረገው፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አስመሰላቸው። የባሉጋኒ ማስታወሻ ባይተርፍ ኖሮ እውነቱ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ለአካባቢው ሕዝብ ምንጩ አዲስ ነገር አልነበረም። በብሩስ ጊዜ የመንደሩ ሹም ከፍለ ዓባይ ይባል ነበር። የአገው ጎሣ አለቆች በየዓመቱ በምንጩ ዙሪያ ተሰብስበው ጥቁር ጊደር ይሠዉ እንደ ነበር ብሩስ ራሱ ዘግቧል፤ ይህ ከእሱ ጽዋ እጅግ የቀደመ በዓል ነው። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ ያለው ይህ ምንጭ በአቡነ ዘርዐ ቡሩክ ስም የታወቀ ጠበል ነው። በትውፊቱ መሠረት ጻድቁ ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ ተቀብለዋል። በዓላቸው ጥር 13 ቀን ይከበራል። ውኃው ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል። የነጭ ዓባይ ምንጭ ሌላ መሆኑና ረጅሙም እሱ መሆኑ በአውሮፓ የታወቀው ከብሩስ ሞት በኋላ ነው።

መመለሱና መጽሐፉ

ብሩስ በዲሴምበር 1771 ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል የኑብያን በረሃ አቋርጦ፣ ግመሎቹ አልቀውበት በኖቬምበር 1772 አስዋን ደረሰ። በ1774 ለንደን ሲገባ የጠበቀውን ክብር አላገኘም። ከሕይወት ካለ ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ መሳለቂያ አደረገው። የሎቦን መጽሐፍ በወጣትነቱ የተረጎመው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያ መሄዱን ሳይቀር ተጠራጠረ። ብሩስ ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ተመለሰ፤ በ1776 ሜሪ ደንዳስን አግብቶ ዝም አለ። እሷ በ1785 ስትሞት ሐዘኑን ለመርሳት መጻፍ ጀመረ። አምስቱ ጥራዞች በ1790 ኤዲንብራ ላይ ታተሙ። ከራስ ሚካኤል ዘመቻዎችና ከጎንደር ቤተ መንግሥት ኑሮ አንጻር ዛሬም የማይታለፍ ምንጭ ነው፤ ራሱን ከፍ የሚያደርግበትን ክፍል ግን አንባቢ በጥንቃቄ ማየት አለበት።

በኤፕሪል 1794 በቤቱ ግብዣ አድርጎ አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከደረጃ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ።

ከኢትዮጵያ ካወጣቸው የግእዝ ብራናዎች ሦስቱ የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለኦክስፎርድ ሰጥቶ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ሙሉው መጽሐፍ ከግእዝ በስተቀር በሌላ ቋንቋ ስላልተረፈ አውሮፓ ያወቀው በእነዚህ ነው። ሪቻርድ ሎረንስ ከኦክስፎርዱ ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1821 አሳተመው።