ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የጎንጮ እስረኞች

ከደብረ ሲና ቍልቍለቱን ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ መንገደኛ ብርዱን ከኋላው ትቶ ወደ ሙቀት ይገባል። በላይ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ደጋ አለ፤ በታች ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት ቆላ አለ። ይህ ቆላ ይፋት ይባላል። ከሸዋ ሮቢት በስተ ደቡብ፥ ቆላውን ቍልቍል በሚያይ ተራራ ላይ አንኮበር ትገኛለች። ከአንኮበር በታች የአልዩ አምባ ገበያ አለ፤ በቀድሞ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ነጋዴዎች ጨውና ጨርቅ ይዘው ወደዚህ ገበያ ይደርሱ ነበር። በዚያው በቆላው በኩል ጎንጮ የሚባል ኮረብታ ነበረ። በአንኮበር ቤተ መንግሥት ነበረ፤ በጎንጮ ግን እስር ቤት ነበረ። በቤተ መንግሥቱ የተቀመጠው ንጉሥና በእስር ቤቱ የተቀመጡት ሰዎች የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ።

ሣህለ ሥላሴ የሸዋው ገዥ የራስ ወሰን ሰገድ ልጅ ነው። በ1805 ዓ.ም. ወሰን ሰገድ በሰው እጅ ተገደለ። በዚያ ጊዜ ሣህለ ሥላሴ ዕድሜው 18 ዓመት ያህል ነበረ፤ በገዳምም ይኖር ነበር። ታላቅ ወንድሙ በኩሬ በመርሐ ቤቴ ነበረ። ሣህለ ሥላሴ የአባቱን ሞት በሰማ ጊዜ ፈጥኖ ወደ ቁንዲ ሄደና የአባቱን አልጋ ያዘ። በኩሬ በደረሰ ጊዜ ነገሩ አልቆ ነበር። ስለዚህ በኩሬ ተይዞ ወደ ጎንጮ ተወሰደ፤ ሌሎችም ወንድሞችና ዘመዶች በዚያው ታሰሩ።

ይህ ሥራ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። በጥንት የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን፥ በጎንደር መንግሥትም ዘመን በወህኒ አምባ ይጠበቁ ነበር። ወንድም በወንድሙ ላይ እንዳይነሣ፥ አገርም በጦርነት እንዳይጠፋ ተብሎ የተሠራ ልማድ ነው። የጎንጮ ጠባቂ ይፋትን በንጉሡ ሥር የሚገዛው ወላስማ ነበረ፤ የወላስማም ቤት ትውልዱን ከጥንቶቹ የይፋት ሱልጣኖች ይቈጥር ነበር። እስረኞቹ በሰንሰለት ሆነው ዘመናቸውን ይቈጥሩ ነበር። ጥፋታቸው አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ከንጉሥ ዘር መወለዳቸው ነው።

ሣህለ ሥላሴ ብልህ ገዥ ነበረ። የአባቶቹን ግዛት አሰፋ፤ የንግድን መንገድ ጠበቀ፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት የሸዋ ገዦች ያልያዙትን የንጉሥነት ስም ያዘ። በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር፥ በ1835 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ጠመንጃው ብዙ፥ ጭፍራውም ብዙ ነበረ። ነገር ግን አባቱ እንዴት እንደ ሞተ ያውቅ ነበር፤ ወንድሞቹም የት እንዳሉ ያውቅ ነበር። ወንድሙን ያሰረ ሰው በሩን አጥብቆ ቢዘጋም፥ ፍርሃት ከእርሱ ጋር በቤቱ ውስጥ ይቀራል።

ንጉሡ መድኃኒትን አብዝቶ ይፈልግ ነበር። ከዓይኖቹ አንዱ አያይም ነበር። ከሩቅ አገር እንግዳ በመጣ ጊዜ ንጉሡ ከሚጠይቀው ነገር አንዱ መድኃኒት ነበረ። በ1831 ዓ.ም. ጀርመናዊው ክራፕፍ ወደ አንኮበር በመጣ ጊዜ እንዲህ ሆነ። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ኪርክ ከሚባል ሐኪም ጋር በመጣም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ንጉሡም ሕዝቡም የሐኪሙን መድኃኒት ይፈልጉ ነበር። ይሁን እንጂ ሐኪም በብልቃጥ ይዞት የሚዞረው መድኃኒት ፍርሃትን አይፈውስም።

ከኢትዮጵያ እጅግ በሚርቀው በቻይና አገር የጥንት ሐኪሞች ይህን ነገር አብዝተው መርምረዋል። የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ በተሰበሰበ ታላቅ የሕክምና መጽሐፋቸው የሰው አሳብና ስሜት ሥጋውን እንደሚነካ አስተማሩ። ቍጣ ጉበትን፥ ከልክ ያለፈ ደስታ ልብን፥ አብዝቶ ማሰብ ጣፊያን፥ ሐዘን ሳንባን፥ ፍርሃትም ኵላሊትን ይጎዳል አሉ። ቈራጥነትም ከሐሞት ይወጣል አሉ። አማርኛ የሚናገር ሰው ይህን ቢሰማ ብዙ አይደነቅም፤ እርሱም ፈሪውን ሰው ሐሞተ ቢስ ይለዋል፤ ያዘነውን ሰው አንጀቱ አረረ፥ የራራውንም ሆዱ ባባ ይላል።

የዛሬ ሐኪሞች እያንዳንዱ ስሜት በአንድ ብልት ያድራል ብለው አያስተምሩም። ነገር ግን ለብዙ ዘመን የሚቆይ ፍርሃትና ጭንቀት እንቅልፍን እንደሚያሳጣ፥ የልብን ትርታ እንደሚያፈጥን፥ የደምንም ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ ያውቃሉ። የቻይና ሐኪሞች ደግሞ አንዱ ስሜት በሌላው ይሸነፋል ይሉ ነበር። ሐዘንን ደስታ ያሸንፈዋል፤ ቍጣን ሐዘን ያሸንፈዋል፤ ፍርሃትን ግን ረጋ ብሎ ማሰብ ያሸንፈዋል ብለው አስተማሩ።

ሣህለ ሥላሴ የቻይናን መጽሐፍ አላነበበም፤ ነገር ግን የሚያስብበት ቀን መጣለት። እንግሊዞቹ ገና በሸዋ ሳሉ ንጉሡ በብርቱ ታመመ። ንጉሥ በፈረስ ላይ ሳለ ብዙ ሰው ይከተለዋል፤ በአልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ግን እንደ ድኻው ብቻውን ይታመማል። ሐሪስም በጎንጮ ስለ ታሰሩት ዘመዶች አማለደ። ንጉሡ ከሕመሙ ተነሣ፤ ከተነሣም በኋላ የታሰሩት ዘመዶቹ እንዲፈቱ አዘዘ። ይህ የሆነው እንግሊዞቹ በ1835 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ነው። ሐሪስም ይህን በመጽሐፉ ጽፎታል።

የእስረኞቹ ሰንሰለት ወለቀ። ንጉሡ ከነገሠ 30 ዓመት ሊሞላው ነበር። በጕልማሳነቱ የታሰረ ሰው በ30 ዓመት ውስጥ ጠጕሩ ይሸብታል፥ ጕልበቱም ይደክማል። ያን ዘመን ሊመልስላቸው የሚችል ንጉሥ አልነበረም። የምሕረት ቃል በአንድ ቀን ይነገራል፤ የዘገየበት ዘመን ግን በምንም አይከፈልም።

ሣህለ ሥላሴ ከዚህ በኋላ አራት ዓመት ያህል ነገሠ። ከተፈቱት ዘመዶቹ አንዱ እንኳ አልጋውን አልወሰደበትም። በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ታሞ በሞተ ጊዜ ልጁ ኃይለ መለኮት በአባቱ አልጋ ተቀመጠ፤ የኃይለ መለኮትም ልጅ ምኒልክ በኋላ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። እንግዲህ ወንድሞቹን ያሳሰረው ፍርሃት ያለውን አላደረሰም። ንጉሡ እስረኞቹን በፈታ ጊዜ ከአልጋው ምንም አልጐደለበትም።

በይፋት ቆላ የወባ ንዳድ የያዘው ሰው ወደ ሐኪም ሄዶ መድኃኒት ይውጣል፤ ይህም ትክክል ነው። ወንድሙን የበደለና ስለዚህ የሚፈራ ሰው ግን ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ እርሱም በደሉን መተውና መታረቅ ነው። ከባልንጀራው እርሳስ ወስዶ የደበቀ ልጅ የመምህሩን እግር ድምፅ በሰማ ቍጥር ይደነግጣል፤ ምግቡም አይጣፍጠውም። እርሳሱን በመለሰ ቀን ግን እንቅልፉ ይመለሳል። ይህን ታሪክ የሚያነብ ልጅ የሣህለ ሥላሴን ምሕረት ይከተል፤ ነገር ግን እስኪታመም ድረስ አይቈይ፥ 30 ዓመትም አይጠብቅ።