ተመልካቹን አስሮጦ እንጀራውን ያጣው ዳይሬክተር

አሁን አሁን ሆረር ፊልም ካላስፈራን የምናኮርፍ ሆነናል። ደም ሲረጭ እያየን ፈንዲሻ እንቆረጥማለን፣ ዓይኑን በሸፈነ ጓደኛችን እንስቃለን። በ1932 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አንድ ዳይሬክተር አስፈሪ ፊልም ሥራ ተባለ፤ ሠራ፤ ፊልሙም አስፈራ። በዚሁ ሰበብ እንጀራው ተዘጋ።

ሰውዬው ቶድ ብራውኒንግ ይባላል። ስሙን ባታውቁት እንኳ ድራኩላን ታውቃላችሁ። ጥቁር ካባ የለበሰውን፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ የለጠፈውን ቤላ ሉጎሲን በ1931 ካሜራ ፊት ያቆመው እሱ ነው።

የተወለደው በ1880 በኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ ነው። በ16 ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ከተጓዥ ትርኢተኞች ጋር ተቀላቀለ። እዚያ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የሚገርመው በሕይወት እያለ መቀበሩ ነው። ሕዝብ እያየ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ጉድጓድ ይወርዳል፣ አፈር ይመለስበታል። አንዳንዴ እስከ ሁለት ቀን እዚያው ይቆይ ነበር ይባላል። ከላይ የቆመው ሰው ገንዘቡን የከፈለው ለምን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ልጁ ይሞት ይሆን ወይስ ይወጣ ይሆን ብሎ ነው። እኔ የብራውኒንግን ፊልም ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይሄ ሣጥን ነው። ተመልካች ምን ለማየት እንደሚከፍል የተማረው ከአፈር በታች ሆኖ ነው።

በኋላ ፊልም ውስጥ በተዋናይነት ገባ። በ1915 ሎስ አንጀለስ ላይ የሚነዳት መኪና ከባቡር ጋር ተጋጨች። አብሮት የነበረው ተዋናይ ኤልመር ቡዝ ሞተ፤ እሱም ክፉኛ ተጎዳ። ካገገመ በኋላ ከካሜራው ፊት ይልቅ ኋላው መቆም አበዛ።

በድምፅ አልባው ዘመን ከሎን ቼኒ ጋር የሠራቸው ፊልሞች ዝነኛ አድርገውታል። በተለይ የ1927ቱን «ዘ አንኖውን» ፈልጋችሁ እዩት። አንድ የሰርከስ ሰው የወንድ እጅ ሲነካት የምትሸማቀቅ ሴት ያፈቅራል። ለእሷ ብሎ ሁለት እጆቹን ያስቆርጣል። ተመልሶ ሲመጣ ልጅቷ ፍርሃቷን ረስታ የሌላ ሰው እቅፍ ውስጥ ናት። ከዚያ በኋላ በቀል ነው። እንደ ቅዠት ያለ ታሪክ ነው፤ ግን ያኔ ተመልካች አልሸሸም። ቼኒ እጁን እንዳልተቆረጠ ሁሉም ያውቃል።

ከድራኩላ ገበያ በኋላ ኤምጂኤም ስቱዲዮ ከዚያ የባሰ አስፈሪ ነገር ፈለገ። ብራውኒንግም ወደሚያውቀው ሰርከስ ተመለሰ። ፊልሙን «ፍሪክስ» አለው፤ ለየት ባለ አካል ለተፈጠሩ ሰዎች የሚሰጥ የንቀት ስም ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ቆንጆዋ አክሮባት ክሊዮፓትራ ቁመተ አጭሩን ሃንስን ለውርሱ ስትል ታገባዋለች፤ ከጡንቸኛው ሄርኩለስ ጋር ሆና ትመርዘዋለች። የሃንስ ጓደኞች ሲያውቁ በዝናብ፣ በጭቃ ውስጥ፣ ከሠረገሎቹ ሥር እየዳሁ ይመጡባቸዋል። መጨረሻ ላይ ክሊዮፓትራ እንደ ወፍ የምትንጫጫ፣ ለትርኢት የምትቀርብ ፍጡር ሆና እናያታለን።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ብራውኒንግ ሜካፕ አልፈለገም። ከወገቡ በታች አካል የሌለው ጆኒ ኤክ፣ እጅና እግር ሳይኖረው ሲጋራ በአፉ የሚለኩሰው ፕሪንስ ራንዲያን፣ ተጣብቀው የተወለዱት የሂልተን እህትማማቾች፣ ሁሉም በእውነተኛ አካላቸው ቀረቡ። ገና ቀረጻው ሳያልቅ የስቱዲዮው ሰዎች አብረናቸው ምሳ አንበላም ብለው አጉረመረሙ። ለአብዛኞቹም ውጭ ለብቻ ጠረጴዛ ተዘጋጀላቸው።

በጥር 1932 ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ ተነስቶ መውጣት ብቻ ሳይሆን ሮጦ ወጣ ይባላል። አንዲት ሴት በድንጋጤ ፅንሴ ወረደ፣ ስቱዲዮውን እከሳለሁ ማለቷም ይነገራል። ስቱዲዮው ደነገጠና መቀሱን አነሳ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው ፊልም አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ሆነ። ያም አላዳነውም። ጋዜጦች ተጸየፉት፣ ስቱዲዮው ከሰረ፣ እንግሊዝም ለ30 ዓመት ያህል አገደችው።

ተመልካቹ ከምን እንደሸሸ ግን አስቡት። ከመርዙ አይደለም፤ መርዝ ያኔም የፊልም ተራ ነገር ነው። አብዛኛው ፊልም ውስጥ እነዚህ ሰዎች ልብስ ያሰጣሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ልጅ ወልደው ይሳሳማሉ። ሕዝቡ ማየት ያቃተው ፊታቸውን ነው። በሰርከስ ድንኳን ሲሆን ግን ከፍሎ ያያቸው ነበር።

ብራውኒንግንም ሙሉ በሙሉ ነፃ ማውጣት ይከብደኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው ናቸው ሲለን ቆይቶ መጨረሻ ላይ ቢላ አስይዞ በጭቃ ውስጥ አሳባቸው፤ እንድንፈራቸው። ጺም ያላት ሴት ሆና የተወነችው ኦልጋ ሮድሪክ በኋላ በፊልሙ በመሳተፏ ተጸጽታለች። ጆኒ ኤክ ደግሞ ዳይሬክተሩን በመልካም ነበር የሚያነሳው። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ከዚያ በኋላ ብራውኒንግ የሠራው ጥቂት ነው። የመጨረሻው ፊልሙ የወጣው በ1939 ሲሆን፣ ከዚያ ማሊቡ ባለው ቤቱ ተከቶ ኖረ። በ1944 ባለቤቱ አሊስ ስትሞት የሆሊውዱ ጋዜጣ ቫራይቲ ተሳስቶ የእሱን ዜና ዕረፍት አወጣ። በቁሙ መቀበር ለብራውኒንግ አዲስ አልነበረም።

በ1962 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል «ፍሪክስ»ን እንደገና አሳየ። በዚህኛው ዙር ተመልካቹ ቁጭ ብሎ አየው። ብራውኒንግ ግን በካንሰር ታሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት 6 ቀን በ82 ዓመቱ አረፈ። እንግሊዝ እገዳውን ያነሳችው በዓመቱ ነው። በ1994 ፊልሙ በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገባ። ያኔ ተቆርጠው የወጡት ደቂቃዎች ግን እስካሁን አልተገኙም።